ምስክሩ ከፍርድ ቤት ከወጣ በኋላ

ቆቦ ከተማ ውስጥ የዋሲሁንን ቪዲዮ ቤት ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። በገበያ ቀን በሩ ላይ የዱላ ክምር የሚታይበት ቆርቆሮ ቤት እሱ ነው። ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከዙሪያው ቀበሌ የመጣ ገበሬ ማሽላውንና ሽንኩርቱን ሸጦ ሲገላገል ፊልም ሊያይ ይመጣል፤ ከመግባቱ በፊት ግን ዱላውን ለዋሲሁን ያስረክባል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። አንድ ጊዜ አንድ የጎብዬ ጎልማሳ፣ በህንድ ፊልም ውስጥ ባልቴቲቱን የሚያስለቅሰውን ባለርስት ታግሦ ታግሦ ሲያቅተው፣ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑን በሽመል አለው። መስተዋቱ ረገፈ። ሰውየው «እኔ የመታሁት እሱን ነው፤ ያንተን ዕቃ መች ነካሁ?» ብሎ ሽማግሌ ፊት ሳይቀር ተሟገተ። ከዚያ ወዲህ ዱላ ውጭ ይቀራል።

ዋሲሁን ፊልም ከማሳየቱ በላይ የሚታወቀው ፊልም በማስረዳቱ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና አንድ ዓይኑን ምስሉ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ሰዉ ላይ ጥሎ፣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት እሱም ይከፍታል። እንግሊዝኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምሯል። ህንድኛውን ከፊልሙ ከራሱ ለቃቅሟል። ቻይንኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ የቻይና ፊልም ሲሆን ግን ንግግሩ ከሁሉም ይረዝም ነበር። ይህን አሠራሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ የመጣው መከራ ሁሉ የመነጨው ከዚህ ነው። ዋሲሁን የሚሰማው ነገር ባይገባውም ዝም ብሎ አያውቅም። ዝም ካለ ቤቱ ያጉረመርማል። ስለዚህ የሰውየውን ፊት፣ የበሩን አከፋፈት፣ የሙዚቃውን መክበድ ይመለከትና የጎደለውን ይሞላዋል። ብዙ ጊዜም ይገጥምለታል። ሲገጥምለት ደግሞ «ሞላሁት» ብሎ አያስብም፤ የሰማው ነው የሚመስለው።

ከፊልም ሁሉ ገበያተኛው አብልጦ የሚወደው ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት ሰው ታሪክ ነበር። ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ሲል ዋሲሁን ዴኩን ያቆመዋል። ዳኛው አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። «በሉ እናንተ ፍረዱ» ይላል ዋሲሁን። ያኔ አግዳሚው ሁሉ ችሎት ይሆናል። አንዱ ለከሳሽ ይቆማል፣ ሌላው ለተከሳሽ፤ ፊልሙ ካበቃ በኋላ እንኳ ሙግቱ እስከ ሚኒባስ መናኸሪያው ድረስ ይከተላቸዋል። በሠፈሩ የተጣላ የሚያስታርቁት ሼህ ሙሀመድሰይድ የፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው፤ «ምስክሩ የት ቆሞ ነው ያየው?»

ዋሲሁን እነዚህን ፊልሞች ማወዳደር ይወድ ነበር፤ ሰው ካገኘ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያስረዳል። እንደ እሱ አነጋገር ንጹሕ ሰው ወደ እስር ቤት የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው። በአንደኛው በር ጠላት ሸርቦ ያስገባዋል። በሁለተኛው በር የቸኮለ መርማሪ ገፍቶ ያስገባዋል። በሦስተኛው በር ደግሞ ክፋት የሌለበት ሰው ተሳስቶ ይመሰክርበታል። ዋሲሁን የመጀመሪያውን ዓይነት ይወዳል፤ ሁለተኛውም ይሁን ግድ የለም። ሦስተኛው ግን አይጥመውም ነበር። «ሸረኛ የሌለበት ፊልም ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ማንን ትጠላለህ?» ይል ነበር።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሮቢት አጠገብ ከጎሊና ወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ተሰረቀ። የዚያኑ ዕለት ዋሲሁን አዳዲስ ሲዲ ገዝቶ ከወልድያ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ፣ ሮቢት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ እየወረደች ነው። ከማሳው በኩል አንድ ሰው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ከባድ ነገር ተሸክሞ ወጣና ወደ ጎብዬ አቀና። በነፃ እጁ ሽመል ይዟል። የሽመሉ ግርጌ በየእርምጃው ብልጭ ይላል።

ዋሲሁን የሰው ስም ቢረሳ ዱላ አይረሳም። በየገበያው ቀን እየተቀበለ የሚከምረው፣ በኋላም ለየባለቤቱ የሚመልሰው እሱ ነውና። በዚያ አገር ደግሞ የሰው ዱላ እንደ መልኩ ነው። አናቱ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ግርጌው የጥይት ቀለህ የለበሰ ሽመል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሮቢቱ አራጌ። አራጌ በዚያው ሰሞን በውሃ ተራ ከሞተሩ ባለቤቶች ጋር መጣላቱ በገበያው ተሰምቷል። ዋሲሁን የስርቆቱን ወሬ ሲሰማ ጠቡንም፣ ሸክሙንም፣ ሽመሉንም አገጣጠማቸው። ታሪኩ ሙሉ ሆነለት። «አራጌን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ፤ ወሬው ፖሊስ ዘንድ ደረሰ።

ችሎት ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ። ያየውን በጥሩ ቅደም ተከተል፣ ከጎማው ፍንዳታ ጀምሮ ተረከ። ዐቃቤ ሕጉ የሰውየውን ፊት አይቶ እንደሆነ ጠየቀው። እዚህች ላይ ትንሽ ክፍተት ነበረች። ዋሲሁን ደግሞ ክፍተት አይወድም።

«አይቼዋለሁ» አለ። «እንዲያውም ዞር ብሎ ሲያየኝ ደንገጥ አለ።»

በችሎቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ድንጋጤውን ያየው መሰለው። አራጌ ከቆመበት ሆኖ ሽመሉ ከጠፋ መሰንበቱን ተናገረ፤ ማን ያውቅልሃል ሲባል ግን የሚጠራው አልነበረውም። ዱላ ጠፋብኝ ብሎ ማን ምስክር ይቆጥራል? ሞተሩ አልተገኘም፤ ቢሆንም አራጌ ተፈርዶበት ወደ ማረሚያ ቤት ሄደ። ዋሲሁን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዴኩን አቁሞ ስለ እውነተኛው ችሎት ለሰዉ አስረዳ፤ ያን ቀን ቤቱ ቆሞ የሚያይ ሰው እስኪተርፍ ሞልቶ ነበር።

ክረምቱ ሲያበቃ አንድ ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ገና ባዶ ሳለ፣ አንዲት ሴት የቅቤ ቅሏን በሻሽ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች። አሚና ነበረች፤ የአራጌ ሚስት። ዋሲሁን ልትሰድበኝ መጣች ብሎ ተዘጋጀ። እሷ ግን ሰላምታዋን አሟልታ፣ ቤተሰቡን ጠይቃ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። የመጣችው ለጥያቄ ነው። ጉዳዩ ይግባኝ ተብሏል፤ ቀጠሮው ደርሷል። ያንተ ፊልም ላይ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ይወጣል ብለው ነገሩኝ አለች። በምን መንገድ እንደሚወጣ እንዲያስረዳት ፈለገች፤ እሷም ያንኑ መንገድ ልትሞክረው።

ዋሲሁን እምቢ ማለት አልቻለበትም። ማስረዳት ነዋ፤ ደግሞ የሚያውቀው ነገር ነው። ሦስት ፊልም መርጦ አወዳደረላት። በህንዱ ፊልም ልብስ ሰፊው የታሰረው ባለርስት ገደልክ ተብሎ ነው፤ የወጣው እውነተኛው ገዳይ ዝናብ ላይ ወድቆ ሊሞት ሲል ስለተናዘዘ ነው። በፈረንጁ ፊልም የከባድ መኪና ሾፌር ሱቅ አቃጠልክ ተብሎ ታሰረ፤ ያወጣችው አንዲት ጠበቃ ናት፤ ምስክሩ የቆመበት ቦታ ድረስ ሄዳ፣ በዚያው ሰዓት ቆማ ብታይ ሱቁ በመጋዘን ተከልሎ አልታይ አላት። በቻይናው ፊልም ደግሞ ዓሣ አጥማጁ…

እዚህ ላይ ቆመ።

«የቻይናው ወደ ሌላ እስር ቤት ተወሰደና ኋላ ተፈታ አሉኝ» አለች አሚና።

«አልተፈታም» አለ ዋሲሁን። «ገድለውታል። ምሕረቱን የያዘው መልእክተኛ ሳይደርስ።»

«ተፈታ ያለ ማነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። ገበያተኛው እንዳያዝን ብዬ።»

አሚና አልተቆጣችም። የቅሏን ሻሽ ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው። ከዚያ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«እነዚያ የመሰከሩት ሰዎችስ፣ ኋላ ምን ሆኑ?»

ዋሲሁን ያየውን ፊልም ሁሉ በልቡ አገላበጠ። የተሳሳተው ምስክር ቃሉን ይሰጥና ከሳጥኑ ይወርዳል። በሩን ከፍቶ ይወጣል። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ፊልሙ ተመልሶ ታሳሪውን ነው የሚከተለው፤ ወይ ጠበቃይቱን፣ ወይ እናቲቱን። ምስክሩ ቤቱ ሲገባ፣ ራቱን ሲበላ፣ ሲተኛ ያሳየ አንድም ፊልም ትዝ አላለውም።

«አያሳይም» አላት። «ፊልሙ ምስክሩን ተከትሎ ቤቱ አይሄድም።»

«እንዴ! እሱ ነበር የሚታየው» አለች አሚና፤ ተነሥታም ወደ ገበያዋ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋሲሁን እህል ሲቀርብለት አይጥመውም፣ ሰው ሲያመሰግነው ይደነግጣል። ሚስቱ በላይነሽ ምን ሆንክ ስትለው ሆዴን ይላታል። የጠበቃይቱ ነገር ግን አላስቀምጥ አለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱን ዘግቶ በሚኒባስ ወደ ሮቢት ሄደ፤ ጎማው የፈነዳበትን ቦታ ፈልጎ ቆመ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው እስክትጠጋ ጠበቀ። ከማሳው በኩል ሰዎች እየወጡ በፊቱ ያልፉ ጀመር። ሁሉም ከጀርባቸው ፀሐይ ስላለ እንደ ከሰል ጠቁረው ነው የሚታዩት፤ ዱላ ይለያል፣ ሸክም ይለያል፣ ፊት የለም። አንዱን የሚያውቀው መስሎት «ሙሉጌታ፣ ደህና ዋልክ?» አለው። ሰውየው ቀረብ ሲል አይቶት የማያውቀው ሽማግሌ ሆነ። ሽማግሌውም በትሕትና «ሙሉጌታን ካገኘሁት ሰላም ብሎሃል እለዋለሁ» ብሎት አለፈ።

ዋሲሁን አንድ በአንድ አሰበው። ፊቱን አላየሁም። ካላየሁ ዞር ማለቱንም አላየሁም። ድንጋጤውንማ ከየት አመጣሁት? ያመጣበትን ያውቀዋል፤ ከበርጩማው ላይ ነው። ይህን ሁሉ አምኖ ሳለ ግን አንድ ነገር ጨብጦ ቀረ። ሽመሉ የአራጌ ነው። ፊቱ ባይታይ ሽመሉ ታይቷል፤ ስለዚህ ሰውየው ያው አራጌ ነው። እንዲህ እያለ ሁለት ገበያ አለፈ። በዚያች በአንዲት ቀለህ ላይ ተንጠልጥሎ ይተኛል፣ በእሷው ላይ ተንጠልጥሎ ይነሣል።

በሦስተኛው ገበያ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሞ ዱላ ሲቀበል አንዱን እጁ ለየው። ዓይኑ ሳያየው መዳፉ አወቀው። የመዳብ ሽቦ። ቁልቁል ተመለከተ፤ ቀለሁ ግርጌው ላይ አለ። አራጌ ማረሚያ ቤት ነው። ሽመሉን ያቀበለው ሰው እንዳለው የሚባል የጎብዬ ሰው ነበር፤ ደልደል ያለ፣ ጨዋታ የሚያበዛ፣ አፋር ወርዶ ግመል ሲነግድ የከረመ።

ዋሲሁን ዱላው የማን እንደሆነ ጠየቀው። እንዳለውም ሳይደብቅ ነገረው። ያዝኩት እንጂ የኔስ አይደለም አለ። ሮቢት አንድ ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። እዚያም እንደ ቪዲዮ ቤቱ ነው፤ ጠጅና ዱላ አብረው አይገቡም ተብሎ የታዳሚው ዱላ ሁሉ ከዳሱ በር ይከመራል። ሊበተኑ ሲሉ ዝናብ መጣ፤ ያገኘው ያገኘውን ላፍ አድርጎ ሮጠ። የእሱንም ዱላ ሌላ ሰው ወስዶታል። በማግሥቱ ባለቤቱን ቢያፈላልግ አጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አፋር ወረደ። ይኸው አሁን ሲመለስ የኔ ነው የሚል ቢገኝ ብሎ ይዞት መጣ።

ዋሲሁን ሠርጉ የማን እንደነበረ ጠየቀ። ሲነግረው አወቀው፤ ሞተሩ ከመሰረቁ በፊት የነበረው ሠርግ ነው። የሚቀጥለውን ጥያቄ ባይጠይቅ በወደደ፤ ግን ጠየቀ።

«ሮቢት አጠገብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጎማው የፈነዳ ሚኒባስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አዎ!» አለ እንዳለው። «አፋር ልወርድ ሰሞን ነው። የእህቴን የስፌት መኪና በከረጢት ጠቅልዬ ላሠራላት ጎብዬ ይዤ ስሄድ። ትከሻዬን ነቅሎታል ያ ብረት። አንድ ሰው መንገድ ዳር ተገትሮ ሲያየኝ ነበር። የሰላምታ ስስታም፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይለኝ።»

«እኔ ነኝ» አለ ዋሲሁን።

«እንግዲያስ አሁን በለኛ» ብሎ ሳቀ እንዳለው። ዋሲሁን ግን አልሳቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ፣ ዱላ ክምሩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሸክሙ ሞተር አልነበረም። ሰውየው ሌባ አልነበረም። ስለ ሌባው ዋሲሁን የሚያውቀው ምንም ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ሸረኛ የሌለበት ያ ጨው አልባ ፊልም ይኸው ነው። ማንን ትጠላለህ ይል የነበረው አሁን የሚጠላውን አገኘ።

ማታ ለበላይነሽ ሁሉንም ነገራት። በላይነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሁለት ልጆቿን አሰበች። በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር ሁሉም ሰው ያውቃል።

«ዝም ብትል የታሰረው አንድ ሰው ነው» አለችው። «ብትናገር ሁለት ቤት ይዘጋል፤ እሱስ መውጣቱን ማን ያውቃል?»

ሒሳቡ ልክ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ዋሲሁንን ያስፈራው። ሲነጋ ሼህ ሙሀመድሰይድ ዘንድ ሄደና ምክር ጠየቃቸው። እሳቸውም ብዙ አልመከሩትም። የኖረች ጥያቄያቸውን ነው የጠየቁት፤ «የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ዋሲሁን ቦታውን፣ ፀሐይዋን፣ የጠቆሩትን ሰዎች አስረዳ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ለእኔ ያስረዳኸውን እዚያው ያጠፋህበት ቦታ ሄደህ አስረዳ» አሉት። «ከዚያ የመጣው ይምጣ። አላህ አለ።»

የይግባኙ ቀን እንዳለውን አስከትሎ፣ ሽመሉን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። አሚና ከአራጌ ታናሽ እህት ከሳሊሀ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሽመሉን ስታይ ተነሥታ ቆመች። ውስጥ ዋሲሁን ከልማዱ የተለየ ምስክር ሆነ። ያየውን ተናገረ፤ በጣም አጭር ነበር። ሰው አየሁ፣ ሸክም አየሁ፣ ይህን ሽመል አየሁ። ዳኛዋ ቀድሞ የሰጠውን ቃል አንብበው ፊቱን ማየቱንና አለማየቱን ጠየቁት።

«አላየሁም» አለ።

«ዞር ብሎ ደነገጠ ብለህ ነበር።»

«ሞልቼው ነው፣ የተከበሩ ዳኛ።»

ምን ማለትህ ነው አሉት። እዚያ ላይ ዋሲሁን ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ሲያስረዳ የኖረ አንደበቱ ተያዘ። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው አለ።

አራጌ ወዲያው አልወጣም። እንዳለው ቃሉን ሰጠ፣ እህቱ ተጠራች፣ የስፌት መኪናው የተሠራበት ጎብዬ ያለው ሠራተኛም ተጠራ። ነገሩ ተንከባሎ ተንከባሎ አራጌ ተፈታ። በመካከሉ ግን የአራጌ አባት አርፈው ተቀብረው ነበር፤ ልጃቸው ከእስር ወጥቶ አፈር አላለበሳቸውም። ይህን ማንም ይግባኝ አይመልሰውም። ዋሲሁንም ተከሰሰ። በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ስላረመ ቀለል አደረጉለት እንጂ ታሰረ። እስር ቤት ፊልም አስረዳን ሲሉት እምቢ አለ ይባላል።

ከወጣ በኋላ ቪዲዮ ቤቱን ከበላይነሽ ተረከበ። እሷ ያለ አስረጂ ስታሳይ ስለቆየች ገበያተኛው ሳስቶ ነበር። በመጀመሪያው የገበያ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ዱላ ሲቀበል አራጌ መጣ። ከስቷል፤ ሪዙ ሸብቷል። ሽመሉ በእጁ ነው። ዋሲሁን እጁን ሊዘረጋ ጀምሮ መለሰው። አራጌም አላቀበለውም። ዱላ በር ላይ ትቶ መግባት ምን እንደሚያመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽመሉን እንደያዘ ገባ፤ ከፊት አግዳሚ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል አቆመው። ስለ ደንቡ የተነፈሰ ሰው የለም።

ፊልሙ የቻይና ነበር። ዋሲሁን በርጩማው ላይ ሆኖ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ወደ አንድ ወጣት ቀርቦ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ቤቱ በሙሉ ወደ ዋሲሁን ዞረ። ቀድሞ ቢሆን አባትነትም፣ እርግማንም፣ የተቀበረ ወርቅም ይወጣው ነበር።

«ይህን አላወቅኩትም» አለ ዋሲሁን።

ከኋላ አጉረመረሙ። አንዱ ታዲያ ምን ትሠራለህ አለ፣ ሌላው እስር ቤት ቋንቋ አስረሱት እንዴ አለ። ዋሲሁን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። አራጌ ሽመሉን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ኳ አደረገው፤ ጉርምርምታው ቆመ።

«ቀጥል» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «የምታውቀው ሲደርስ ትነግረናለህ።»